«ዐውድ» በኮምፒዩተር ሙያ፤ የአንድ ስያሜ ታሪክ

ለአንድ ነገር ስያሜ ከማውጣት አስቀድሞ የነገሩን ታሪክ መመርመር ተገቢ ነው። ከሰው ጋር የሚዘዋወሩ ገመድ አልባ መሣሪያዎች ባለቤታቸው ያለበትን ቦታና ሁኔታ እየለዩ አሠራራቸውን እንዲለውጡ የሚያደርገው ሶፍትዌር፣ የእንግሊዝኛው ስም ቃል በቃል ቢመለስ፣ «ዐውድ ዐዋቂ» ይባላል። ይህ አጠራር ከነገሩ ባሕርይ ጋር መስማማት አለመስማማቱን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ በነበረው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ማርክ ዋይዘር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኮምፒዩተር የሰውን ትኩረት የሚሻማ የጠረጴዛ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ በየአካባቢው ተሠራጭቶ ልብ ሳይባል የሚያገለግልበትን ዘመን አመለከተ። በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ በነበረው የኦሊቬቲ ቤተ ሙከራ እነ ሮይ ዋንትና አንዲ ሆፐር በልብስ ላይ የሚደረግ መለያ ሠርተው ነበር። መለያው በየ15 ሰኮንዱ ገደማ ኢንፍራሬድ በሚባለው፣ ለዓይን በማይታየው ጨረር የራሱን ልዩ ምልክት ይልካል። ጨረሩ ግድግዳ ስለማያልፍ፣ ምልክቱን የተቀበለው መሣሪያ ያለበት ክፍል ይታወቃል፤ የስልክ ጥሪም ባለመለያው ወዳለበት ክፍል ይተላለፋል። ይሁንና ባለቤቱ መለያውን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ቢወጣ፣ መሣሪያው ሰውየውን በክፍሉ እንዳለ ይቈጥረዋል። መሣሪያው የሚቀበለው ምልክትን እንጂ ሰውን አይደለምና።

ስያሜው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ቢል ሺሊትና ባልደረቦቹ ባቀረቧቸው ጽሑፎች ነው። እነርሱ ዐውድ ያሉት በተለይ ሦስት ነገሮችን ነበር፤ ይኸውም ተጠቃሚው የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንዳለና በአቅራቢያው ምን መገልገያ እንዳለ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን «አብሮ መሸመን» የመጣ ሲሆን፣ ለንባብ ሲነገር ቆይቶ ወደ ሰው አካባቢ ተዛወረ። የእኛው «ዐውድ» ግን «ዖደ»፣ ማለትም «ዞረ፣ ከበበ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ዐውደ ዓመት የዘመንን ዙሪት፣ ዐውደ ምሕረት የቤተ ክርስቲያንን ቅጥር ግቢ ያመለክታሉ። ስለዚህ ቃሉ በቋንቋ ጥናት ከያዘው ትርጉም ይልቅ ለዚህኛው የቀረበ ነው፤ ወደ ኮምፒዩተር ሙያ መግባቱ ወደ ጥንት ቤቱ እንደ መመለስ ይቈጠራል።

የሚያጠራጥረው «ዐዋቂ» የሚለው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳልበር፣ አኒንድ ዴይና ግሬጎሪ አቦውድ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከመሣሪያዎቹ ጋር በቀጥታ መታሰሩን ትተው፣ ሥራውን በሦስት ከፈሉት። አንዱ ክፍል ከመሣሪያው ምልክት ይቀበላል፤ ሁለተኛው ምልክቱን ይፈታል፣ ለምሳሌ የመለያን ቁጥር ወደ ሰው ስም ይለውጣል፤ ሦስተኛው ስለ አንድ ሰው ወይም ቦታ የተገኘውን ሁሉ ያሰባስባል። ይህን ሁለተኛውን ክፍል «ተርጓሚ» ከማለት እንደ ሕልም ፈቺ «ፈቺ» ማለት ይሻላል፤ የሚለውጠው የመረጃውን ደረጃ እንጂ ቋንቋውን አይደለምና። ዴይም እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጠው ብያኔ፣ እንዲህ ያለው ሥርዐት ለተጠቃሚው ተግባር የሚስማማ መረጃ ወይም አገልግሎት ለመስጠት በዐውድ «ይጠቀማል» አለ እንጂ ዐውድን «ያውቃል» አላለም።

በዚህም መሠረት «ዐውድ አገናዛቢ» የሚለውን እንመርጣለን። ማገናዘብ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር እያስተያዩ መመዘን ነው፤ የመሣሪያው ሥራም ከዚህ አያልፍም። በሰዋስው «አገናዛቢ» የባለቤትነት ስያሜ መሆኑ ተቃውሞ ሊያስነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «ዐውድ» ከፊቱ ሲቀድም መደናገሩ ይወገዳል። «ዐዋቂ» ብንል ግን፣ የተረሳ መለያን እንደ ሰው ለሚቈጥር መሣሪያ የሌለውን ማስተዋል እንሰጠዋለን፤ አንባቢውም ሊጠራጠረው የሚገባውን ያምነዋል።