ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ

ታሪክ የምድር ብቻ አይደለም፤ ሰማይም የራሱ ታሪክ አለው። ነገር ግን ብዙዎቹ የሰማይ አካላት እጅግ የራቁ በመሆናቸው ለውጣቸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰው ዕድሜ በዓይን ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም። ይህን ችግር ያቃለለው ፎቶግራፍ፣ ይልቁንም የተነሣበት ቀን ተጽፎ በጥንቃቄ የተቀመጠ ፎቶግራፍ ነው።

በታኅሣሥ ወር፣ ሰማዩ በጠራበት እኩለ ሌሊት፣ በጭሮ (በአሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና ወይም በገለምሶ ሆነን ቀና ብንል፣ አባቶቻችን በሐሳበ ከዋክብት ሠውር ያሉት የበሬ ምስል ከራሳችን በላይ ይገኛል። ከበሬው በአንደኛው ቀንድ ጫፍ አጠገብ በባዶ ዓይን የማትታይ፣ በቴሌስኮፕ ግን እንደ ስስ ጉም የምትታይ ኔቡላ አለች። ቅርጽዋን በ19ኛው መቶ ዓመት የሣለው የአየርላንዱ ሎርድ ሮስ ሥዕሉ ሸርጣን ስለ መሰለ፣ የሸርጣን ኔቡላ ተብላ ቀረች።

የዚህች ኔቡላ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1054፣ በእኛ አቈጣጠር በሐምሌ ወር 1046 ዓ.ም. ነው። የቻይና ሰማይ ተመልካቾች በዚያ ሥፍራ «እንግዳ ኮከብ» መታየቱን፣ 23 ቀን በቀን ብርሃን መታየቱንና ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከሌሊቱ ሰማይ መጥፋቱን መዘገቡ። በዚያን ዘመን በድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ የነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ ያው ኮከብ በእርስዋም፣ በጨርጨር ተራሮችም ላይ ወጥቶ ነበር። ኮከቡ የወጣው ለሁሉም ነው፤ ለኋላው ትውልድ የጠቀመው ግን ቀኑን የጻፈው ብዕር ነው።

ከዚህ በኋላ ስምንት መቶ ዓመት ያህል አለፈና የፎቶግራፍ ተራ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1909 በካሊፎርኒያ በማውንት ዊልሰን የተነሣ የኔቡላዋ ፎቶግራፍ ተጠብቆ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1921 ጆን ዳንካን ሌላ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሁለቱን አስተያየ። በዐሥራ አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ የኔቡላዋ ክሮች ከመካከል ወደ ውጭ በጥቂቱ ርቀው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1928 ኤድዊን ሀብል መስፋፋቷን ወደ ኋላ ቢያሰላ 900 ዓመት ያህል ሆነ፤ ስለዚህ ኔቡላዋ በቻይናውያን መዝገብ የተጻፈው ኮከብ ፍንዳታ ቅሪት መሆንዋን አስታወቀ።

የሆነ ሆኖ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዳንካን እ.ኤ.አ. በ1939 ረዘም ያለ ዘመን የሚለያቸውን ፎቶግራፎች ቢያመዛዝን፣ ስሌቱ የፍንዳታውን ዓመት ከ1054 ወዲህ በመቶ ዓመት ያህል አዘገየው። መዝገቡ አንድ ይላል፤ ፎቶግራፉ ሌላ ይላል። ሊቃውንቱ ግን አንዱን ለሌላው ሲሉ አልሠረዙም፤ ሁለቱም እውነተኞች ቢሆኑስ ብለው መረመሩ። ኔቡላዋ ስትስፋፋ ፍጥነትዋ እየጨመረ መሄዱንም ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ1968 በመካከልዋ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር ኮከብ ተገኘ፤ ኔቡላዋን ከውስጥ የሚገፋት ኃይልም ከእርሱ የሚመነጭ መሆኑ ታወቀ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለቢሮ ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚተርፍ ነገር አለ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በጨርጨር ገዥነታቸው ዘመን ያቋቋሟት አሰበ ተፈሪ ዕድሜዋ ከመቶ ዓመት ብዙ የማይርቅ ስለ ሆነ፣ አብዛኛው ዘመንዋ በፎቶግራፍ ሊነገር የሚችል ነው። የጨርጨር ደን ምን ያህል እንደ ራቀ፣ የቡናው ማሳ መቼ ወደ ጫት እንደ ተለወጠ፣ ጎርፍ የትኛውን ቁልቁለት እንደ ሸረሸረ የሚመሰክሩት ከአንድ ሥፍራ፣ በተለያየ ዘመን የተነሡ ሁለት ሥዕሎች ናቸው። ቀን የሌለው ፎቶግራፍ መልክን ያሳያል እንጂ ለውጥን አይመሰክርም። በበደሳም ሆነ በመኢሶ አንድ ትምህርት ቤት በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ኮረብታ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ በጀርባው ቀኑንና ሥፍራውን ቢጽፍ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ምናልባት አንድ ቀን መዝገቡና ፎቶግራፉ ሳይስማሙ ቢገኙ፣ መዝገቡን ፍቆ ከሥዕሉ ጋራ ማስማማት አይገባም። የ1054ን ቀን አንድ ጸሓፊ ለስሌቱ እንዲመች አድርጎ አርሞት ቢሆን ኖሮ፣ በኔቡላዋ ውስጥ የተሰወረውን ገፊ ኃይል የሚያመለክት ምልክት ባልተገኘም ነበር።