የቃል ማብራሪያ፦ አማራጭ ቆርጦ-መቀጠል

በወልድያና በመርሳ ገበያ ፓፓያ ከልክ በላይ ሲበስል፣ ቤት ውስጥም የጠላ ጋን ሲከፈት፣ ወዲያው የምትከብ ዓይነ ቀይ ትንኝ አለች። ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳይንቲስቶች ድሮሶፊላ የሚሏት የፍራፍሬ ዝንብ ከዚሁ ወገን ናት። ማንጎን ገና በዛፉ ላይ እያለ ወግታ እንቁላል የምትጥልበት፣ የሀብሩ ወረዳን ገበሬ የምታስመርረው ትልቋ ዝንብ ሌላ ናት። ትንኟ የምትሻው መፍላት የጀመረውን ፍሬ ነው።

የፈላ ነገር አልኮል አለው። የትንኟ ትል እዚያው ተፈልፍላ፣ እዚያው በልታ ታድጋለች። አልኮሉን ወደ ሌላ ነገር እየለወጠ የሚያድናት አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለ ኤንዛይም ነው፤ መመሪያውም ያለው በአንድ ጂን ላይ ነው።

መመሪያው መጀመሪያ ወደ አር.ኤን.ኤ ይገለበጣል። ግልባጩ እንደወረደ አይነበብም፤ ኢንትሮን የሚባሉት ክፍሎች ተቆርጠው ይወጣሉ፣ ኤክሶን የሚባሉት ጫፍ ለጫፍ ይቀጠላሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 የደረሱበት ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ በ1993 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሥራው ስፕላይሲንግ ይባላል፤ እኔ ቆርጦ-መቀጠል ብየዋለሁ። የአንድ ጂን ግልባጭ እንደ ዕድሜው ወይም እንደ ሕዋሱ በተለያየ መንገድ ሲቆረጥና ሲቀጠል ደግሞ «አማራጭ» ይታከልበታል። ከሚውቴሽን ጋር መምታታት የለበትም፤ እዚህ ጂኑ ራሱ አይነካም።

በትሏ ዘመን የአልኮሉ ጂን ግልባጭ በዋናነት የሚነሳው ለፕሮቲኑ መመሪያ ቅርብ ከሆነ ቦታ ነው። ክንፍ ካወጣች በኋላ መነሻው ከ600 የዲ.ኤን.ኤ ፊደል በላይ ወደ ኋላ ይርቃል፤ በመካከል የገባው ኢንትሮን ተቆርጦ ይወጣና አዲሱ መነሻ ከመመሪያው ጋር ይቀጠላል። እኔን የሚደንቀኝ፣ ይህ ሁሉ ሆኖ የሚሠራው ኤንዛይም ያው መሆኑ ነው። የሚለየው ጂኑ በየትኛው ዕድሜ ከየትኛው መነሻ እንደሚታዘዝ ነው።

ፕሮቲኑ ራሱ ሲለወጥ ማየት የሚሻ፣ በዚህችው ዝንብ ውስጥ ፒ የሚባለውን ተዘዋዋሪ የዲ.ኤን.ኤ ቁራጭ ይመልከት። ዘር በሚያፈሩት ሕዋሳት ሦስቱም ኢንትሮኖች ይወጣሉ፤ ቁራጩን ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውር ትራንስፖዜዝ የተባለ ኤንዛይም ይሠራል። በቀረው አካሏ ሦስተኛው ኢንትሮን ሳይቆረጥ ይቀራል። ያኔ የሚሠራው ፕሮቲን አጭር ነው፤ ቁራጩን ማዘዋወር አይችልም፣ ጭራሽ ዝውውሩን ያግዳል።