የጉማሬ ሥጋና የሰው ክብር

ለአንዱ ሕዝብ የክብር ማዕድ የሆነው ለሌላው አጸያፊ ሆኖ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ሮማ ባለጸጎች በዛፍ ላይ የምትኖር አይጥ መሰል እንስሳ በሸክላ ማሰሮ እያደለቡ ለግብዣ ያቀርቡ ነበር። በፔሩ አገር፣ በኩስኮ ካቴድራል የሚገኘው የማርኮስ ሳፓታ የ18ኛው መቶ ዓመት ሥዕል፣ ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር ለመጨረሻው እራት ተቀምጦ በመካከላቸው «ኩይ» የተባለው እንስሳ ተጠብሶ መቅረቡን ያሳያል፤ ኩይ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በየቤታቸው የሚያረቡት ጭራ አልባ የአይጥ ዘመድ ነው። እዚህ በምንኖርበት በደቡብ ሱዳንም፣ በኢኳቶሪያ ገጠሮች በበጋ ሣሩ ሲቃጠል የሚታደነው ትልቁ የሸንበቆ አይጥ የተወደደ ሥጋ ነው።

ይሁን እንጂ ቁም ነገሩ ማን ምን በላ የሚለው ብቻ አይደለም። በበላው ምግብ ምክንያት ማን ምን ተባለ የሚለውም ሊጠየቅ ይገባል። ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው ምስክር በገዛ አገራችን፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ይገኛል።

ነገደ ወይጦ በመባል የሚታወቁት የጣና ዳር ሰዎች ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱና ጉማሬ እያደኑ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ርኩሳን አድርጎ ቆጠራቸው። እነርሱ ራሳቸውን እስላሞች ነን ቢሉም እስላሙ ጎረቤታቸውም በዚያው ሥጋ ምክንያት ከማዕዱ አራቃቸው። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ተብሎ ማዕድ በሚለይበት አገር፣ ወይጦው ከሁለቱም ወገን ሳይሆን ቀረ። የሚያስገርመው ግን ከዚያው እንስሳ ቆዳ የተሠራው አለንጋ «ጉማሬ» እየተባለ በየጌታው እጅ መያዙ ነው። ቆዳው የሥልጣን ምልክት ሲሆን ሥጋውን የበላው ሰው ይናቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ወይጦዎች በሐበሻ ምድር ከሚነገሩት ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። ንጉሡ ሁለት ሰዎች አስጠርተውለት ቢጠይቃቸውም፣ እንሰቅላችኋለን ተብለው ሲያስፈራሯቸው እንኳ አልመለሱለትም። ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ግን የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነበር። ያ ቋንቋ በጽሑፍ ሳይመዘገብ ጠፋ። የጉማሬው አደንም በ20ኛው መቶ ዓመት እየቀረ ሄደ፤ ንቀቱ ግን ከአደኑ ጋር አብሮ አልቀረም።

ይኸው ብሩስ ስለ እኛም ጽፏል። በጎንደር ግብዣ ላይ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ማየቱን ለንደን ተመልሶ ሲተርክ፣ የሰሙት ገሚሶቹ ውሸታም አሉት፤ ገሚሶቹም እኛን አረመኔ አሉን። እንግዲህ ጉማሬ በሊታውን የናቀው ቁርጥ በሊታ፣ በ1790 በታተመው በዚያው ሰው መጽሐፍ ውስጥ ራሱ መናቂያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ረኃብ ሲመጣ ደግሞ የማዕድ ወሰን ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በዘለቀው በክፉ ቀን፣ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠና ያህሉን እንደፈጀ ይገመታል። በሬ ጠፍቶ አጤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሕግ ሲኖር የነበረው ሕዝብ ፈረስና አህያ፣ የሞተውንም እንስሳ ሳይቀር ለመብላት ተገደደ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1870 በፕሩስያ ጦር የተከበበችው ፓሪስም ከፈረስ አልፋ ውሻ፣ ድመትና አይጥ በልታለች። ካስቶርና ፖሉክስ የተባሉት ሁለት የአራዊት ማቆያ ዝሆኖችም ታርደው ሥጋቸው ተሸጧል።

ወደ ናይል ዳር ስንመለስ ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቀናል። ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለአዋቂ ወንድ የወፍ ሥጋ መብላት የሚያሳፍር፣ እንቁላል መብላት ደግሞ ከዚያ የባሰ አስጸያፊ ተደርጎ ይቆጠር እንደነበር መዝግቧል። ዐሥራ ሁለት ብልቷ ወጥቶ ከነእንቁላሏ የምትቀርበውን ዶሮ ከበዓላችን ማዕድ ቁንጮ ላይ ያስቀመጥን እኛ፣ በዚያ ዘመን የኑዌር ሽማግሌ ዓይን ፊት ምን እንመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሃይማኖቱ የከለከለውን አለመብላት የማንም መብት ነው፤ በጁባ ገበያ የምናየውን ሥጋ ሁሉ እንድንቀምስ የሚያስገድደን የለም። ነገር ግን «ይህን እኔ አልበላም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ይህን የሚበላ ሰው አይደለም» ማለት ሌላ ነው። የሁለተኛው ቃል ዋጋ ምን እንደሆነ የጣና ዳር ሰዎች ያውቁታል። በሰው አገር፣ በሰው ማዕድ አጠገብ የምንኖር ሰዎች ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ልንጠብቀው ይገባል።