«መተማ፣ ገላባት»፦ የዕፅዋት ናሙና መለያ ወረቀት እንደ ቋንቋ ሰነድ

በሐርባሪየም የሚቀመጥ የደረቀ ናሙና ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል፤ ዕፁንና መለያ ወረቀቱን። ዕፁ የሥነ ዕፅዋት ባለሙያው ድርሻ ነው። መለያ ወረቀቱ ግን የቦታ ስም፣ አንዳንዴም የአገሬውን የዛፍ ስም ስለሚይዝ ለቋንቋ አጥኚም ሰነድ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የገላባትን ናሙናዎች ምሳሌ በማድረግ፣ ናሙናን በካርታ ላይ ማስፈር በቅድሚያ ስም ማንበብ መሆኑን ያሳያል።

የሪጋ ተወላጁ ጌኦርግ ሽዋይንፉርት በ1865 እ.ኤ.አ. በገላባት ዕፅዋት ሰብስቧል። ናሙናዎቹ በሥነ ዕፅዋት ጽሑፎች የሚጠቀሱት «ገላባት» እና «መተማ» የሚሉትን ስሞች ጎን ለጎን በማድረግ ነው። በዘመኑ ገላባት ከዳርፉር የመጡ ተክሩሮች የሰፈሩበትና የሚያስተዳድሩት አገር ሲሆን መተማ ደግሞ የአገሩ ገበያ ነበረች። የ1902 እ.ኤ.አ. የድንበር ውል ከተፈረመ በኋላ ግን ስሞቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገላባት የሱዳን፣ መተማ የኢትዮጵያ የድንበር ከተማ መጠሪያ ሆኑ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1889 እ.ኤ.አ. የወደቁበት ጦርነት በአንዱ ወገን የመተማ፣ በሌላው የገላባት ጦርነት መባሉም የዚሁ የስም ታሪክ ገጽታ ነው።

ስለዚህ የጥንቱን «ገላባት» በዛሬዋ ከተማ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አንድን አገር ወደ አንዲት ነጥብ ያጠብባል፤ ናሙናውንም ያለ ማስረጃ ለአንድ መንግሥት ይሰጣል። «መተማ» የሚለው ብቻውን ቢቆም ደግሞ ከሸንዲ ማዶ በናይል ዳር ካለችው መተማ ጋር ይምታታል። የጽሕፈቱም ነገር አለ፤ ዐረብኛው ገላባትን በቃፍ ሲጽፍ የሱዳን አንደበት «ገ» ብሎ ያነበዋል። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ አንዱ ስም በተለያዩ መነሻ ፊደላት ሥር ሊበተን ይችላል።

የዛፍ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። በሱዳን ዐረብኛ ተበልዲ የሚባለው ዛፍ በአማርኛ ባምባ፣ ዐረዴብ የሚባለው ሁመር ይባላል። ሁመር ራሱ ከዐረብኛ ሑመር ጋር ይዛመዳል፤ ይሁን እንጂ የሱዳን ጎረቤቱ የሚጠቀምበት ስም አይደለም። ከድንበር ወዲህ ያለ የዐረብኛ ቃል ሁሉ በዚያው ድንበር የገባ አለመሆኑን ይህ ያመለክታል። ሽዋይንፉርት በ1893 እ.ኤ.አ. የአቢሲኒያን የዕፅዋት ስሞች ሰብስቦ ማሳተሙ የስሞቹን ዋጋ መረዳቱን ይመሰክራል።

ጉዳዩ በሊከን ናሙና ላይ ይጎላል። ሊከን ፈንገስና ዋቅላሚ ተጣምረው የሚኖሩበት አካል ሲሆን፣ ከበቀለበት ቅርፊት ወይም ድንጋይ ጋር ተነሥቶ በታጠፈ ወረቀት ይቀመጣል። ከተጠራቢው ቅርፊት የዛፉን ዓይነት መለየት አስቸጋሪ ነው፤ መለያው ላይ የሰፈረው የዛፉ የአገር ስም ከተሳሳተ ወይም ከተተወ ሊከኑ ምን ላይ እንደ በቀለ ማወቅ ያዳግታል።

የበርሊን ሐርባሪየም አብዛኛው ክምችት በ1943 እ.ኤ.አ. በአየር ድብደባ ተቃጥሏል። በሌሎች ተቋማት የተረፉት ቅጂዎች ዛሬ ወደ ኮምፒውተር መዝገብ ሲገቡ የሰብሳቢው ቃል «ታርሞ» እንዳይጠፋ ያሰጋል። ዳርዊን ኮር የተባለው የመረጃ መለኪያ ለቦታው ቃል በቃል ንባብና ለተተረጎመው ቦታ የተለያዩ መስኮች አሉት፤ ሁለቱም ሊሞሉ ይገባል። የተስተካከለው ስም ለካርታው ይበቃል፤ ለስሙ ታሪክ ግን ምስክሩ ሰብሳቢው የጻፈው ቃል ነው።