የልጄ የአንገት እጢ ከላሟ ነው የመጣው? የቡታጅራ ናሙናዎች ያሳዩት

ወልቂጤ ስሠራ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። አንገቱ ላይ ሁለት ወር ያለፈው እብጠት አለ። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጥሬ ወተት አጠጣው ነበር። ላሟን ልንሸጣት ነው» አለችኝ። ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «አባባ ያስላቸዋል፤ እሱ ግን የቆየ ነው፣ ብርድ ነው» ብላ አለፈችው።

በእሷ አልፈርድም። የእጢ ቲቢ ከወተት ነው የሚለው ሐሳብ እኛ ሐኪሞችም ዘንድ ረጅም ዕድሜ ነበረው። (ነቀርሳ የሚለውን ቃል ለካንሰርም ስለምንጠቀምበት እዚህ ቲቢ እያልኩ እቀጥላለሁ።)

ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ ሲያገኝ የሰውና የከብቱ አንድ ይመስለው ነበር። በ1898 አሜሪካዊው ቲዎባልድ ስሚዝ ሁለቱን አወዳድሮ ልዩነት አየ፤ የከብቱ አጠር ያለ ነው፣ ጥንቸል ላይ ደግሞ ይከፋል። ኮህም በ1901 ለንደን ላይ የከብቱ ቲቢ ለሰው ብዙም አያሰጋም ብሎ ተናገረ። ተሳስቷል። እንግሊዞች ያቋቋሙት ኮሚሽን ለዓመታት መርምሮ ያልፈላ ወተት ሕፃናትን እንደሚያሲዝ አረጋገጠ። ይህ በመጻሕፍት ገብቶ እኛም ጋ ደረሰ። ጥሬ ወተት በሚጠጣበትና የእጢ ቲቢ በሚበዛበት አገር ሌላ ማሰብ ከባድ ነበር። እንዲያውም የሰው ልጅ ቲቢን ያገኘው ከብት ማላመድ ሲጀምር ነው፣ የሰው ቲቢ ከከብቱ ነው የተወለደው ይባል ነበር።

ይህን ለማጣራት የባክቴሪያውን መልክና አስተዳደግ ማየት አልበቃም። ሁለት ነገሮች ስለተመሳሰሉ ማን ከማን እንደተወለደ አይታወቅም። መልሱ የመጣው ከጂን ነው። የሰው ቲቢ ሙሉ ዲኤንኤ በ1998 ተነበበ፤ ወደ 4.4 ሚሊዮን ፊደል ነው። የከብቱ በ2003 ሲነበብ ከ99.9 በመቶ በላይ ከሰዉ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ ያለው በቀረችው ትንሽ ልዩነት ውስጥ ነው፤ በተለይም በጎደለው።

እንዴት መሰላችሁ? ልጃችሁ ታሞ ከትምህርት ቤት ቀረና የጓደኛውን ደብተር ገለበጠ እንበል። ሲገለብጥ አንድ አንቀጽ ዘለለ። ከእሱ የገለበጡ ልጆች ሁሉ ያ አንቀጽ አይኖራቸውም። መምህሯ ደብተሮቹን ሰብስባ ብታይ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ትደርስበታለች። አንቀጹ ያለበት ደብተር አንቀጹ ከሌለበት ሊገለበጥ አይችልማ! የቲቢ ባክቴሪያ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ከጎረቤት ጂን አይበደርም ማለት ይቻላል። አንዴ የጠፋ ቁራጭ አይመለስም።

በ2002 በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን እነዚህን ክፍተቶች ቆጠረ። ከብቱ ቲቢ ላይ የጠፉ በርካታ ቁራጮች የሰዉ ላይ አሉ። ስለዚህ የሰዉ ከከብቱ ሊወለድ አይችልም። በሌላ በኩል በዛሬዎቹ አብዛኞቹ የሰው ቲቢ ዝርያዎች ላይ የጠፋ አንድ ቁራጭ ከብቱ ላይ አለ። እንግዲህ ሁለቱም ከአንድ የጥንት አያት የወጡ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም።

በ2009 ከእኛው ቡታጅራ አካባቢ የእጢ ቲቢ ታማሚዎች የተወሰዱ ናሙናዎች ውጤት ታተመ። ከተመራማሪዎቹ መካከል የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች ነበሩ። የባክቴሪያዎቹን የዲኤንኤ አሻራ ሲያዩ የተገኘው የሰው ቲቢ ነበር። ብዙዎች የጠበቁት የከብት ቲቢ አልተገኘም። በ2013 ከተለያዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች በተሰበሰቡ ብዙ ናሙናዎች ላይ የወጣው ጥናትም የከብቱን እጅግ በጥቂቱ ብቻ ነው ያገኘው። ያው ጥናት ሌላ ነገርም አሳየ፤ ከዚያ በፊት ያልታወቀ፣ በጥንታዊውና በዘመናዊዎቹ ሐረጎች መካከል የሚቀመጥ፣ በአብዛኛው በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኝ የቲቢ ዘር። ዛሬ ሰባተኛው ሐረግ ይባላል።

ወደ ልጁ ልመለስ። የአያቱ አክታ ሲመረመር ቲቢ ተገኘ። ልጁ በሳል ከወጣ አየር ባክቴሪያውን ስቧል፤ እሱም በሳንባ አልፎ እጢው ላይ ተቀመጠ። ላሟ ብትሸጥ ኖሮ አያቱ እያሳሉ፣ ታናሽ እህቱም ከእሳቸው ጋር እየተኛች ይቀጥሉ ነበር። ስለዚህ አንገት ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት ካያችሁ ልጁን አምጡት፤ አብሮ የሚኖር የሚያስል ሰው ካለም እሱንም አምጡት። በመርፌ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ሕክምናው በመንግሥት ተቋማት በነፃ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይወስዳል። መድኃኒት ተጀምሮም እብጠቱ ለጊዜው ሊጨምር ይችላል፤ ያኔ መድኃኒቱን አታቋርጡ፣ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ። ሳንባው ያልተነካ የእጢ ቲቢ ያለበት ልጅ ለሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ ሳህኑን መለየት፣ ከእህቶቹ ጋር እንዳይጫወት መከልከል አያስፈልግም። አክታቸው ላይ ቲቢ ከተገኘባቸው ሰዎች ጋር የሚኖሩ፣ በተለይ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ግን ባይታመሙም መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል።

ወተቱንስ? አፍሉት። የከብቱ ቲቢ አልፎ አልፎ ሰው ይይዛል፣ ብሩሴላም በጥሬ ወተት ይመጣል። ላሟን ግን አትሽጧት።