የፈቃድ ዕድሜ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ በር ነበራት። ከተጁራ ወደብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ እንግዳ ፋሬ ሲደርስ ቁም ይባላል። የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድ ከአንኮበር «ይለፍ» የሚል ቃል ካልመጣላቸው በቀር ወደ ደጋው የሚያወጡት ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መንግሥት ወክሎ፣ ስጦታውን በግመል ጭኖ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ እንኳ እዚያው ቆላው አፋፍ ላይ ደጅ መጥናት ነበረበት። መውጣትም ቢሆን እንደ መግባቱ ነው፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አይሞከርም። ዛሬ ቪዛ የምንለው ነገር ስሙ አልነበረም እንጂ ግብሩ ነበረ።

በዚያ በር ገብተው ከወጡት መካከል የጀርመናዊው ሚስዮናዊ የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ታሪክ ዛሬም የሚያስተምር ይመስለኛል። ክራፕፍ በ1839 ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር ሸዋ ገባ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ እሱ ግን አንኮበር ላይ ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ንጉሡ ወደዱት፣ አቀረቡት። በኅዳር ወር 1841 አንጎለላ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ውል ሲፈረም በመካከል ሆኖ ከረዱት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ምን ፈቃድ አለ?

በመጋቢት 1842 እጮኛውን ሊያገባ ወደ ግብፅ ለመውረድ ተነሣ። ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባሉት ባላባት አግተው ንብረቱን ዘረፉት። ቢሆንም እንደ ምንም ምጽዋ ደረሰ፤ ግብፅ ወርዶ ሮዚን ዲትሪክን አገባ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ሚስቱን ይዞ ተጁራ ላይ ቆመ። አሁን ግን በሩ ተዘግቷል። ወደ ሸዋ መግባት አይቻልም ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት በትግራይ በኩል ሞከረ፤ እዚያም አልሆነለትም። በ1844 መጀመሪያ ሞምባሳ ወረደ። በዚያው ዓመት ሚስቱም የወለደቻት ሕፃንም በትኩሳት ሞቱበት። ቀሪ የምርምር ዕድሜውን ለምሥራቅ አፍሪካ ሰጠ፤ ትልቁን የስዋሂሊ መዝገበ ቃላትም አዘጋጀ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና፣ ያ በር ባይዘጋ ኖሮ ያ ሁሉ ትጋት ለየትኛው ቋንቋ ይውል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ክራፕፍ አንኮበርን ለቆ ሲወጣ የያዘው ፈቃድ የንጉሡ ፊት ነበር። ፊት ደግሞ ይዞራል። ቀን ስላልተጻፈበት ዕለት ሲያልቅ ማንም አላስታወቀውም።

ከእሱ በፊት ይህን የቀመሰ ሰው ነበር። የፖርቱጋሉ መልእክተኛ ፔሮ ዳ ኮቪልያ ኢትዮጵያ የደረሰው የደብረ ብርሃን ቆርቋሪ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የልጅ ልጅ ዐፄ እስክንድር ነግሠው ሳለ ነው። እስክንድር በክብር ተቀብለው በክብር እንደሚሸኙት ቃል ገቡለት። ግን በ1494 ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ የነገሡት ወንድማቸው ዐፄ ናዖድ መሄጃውን ከለከሉት፤ ልብነ ድንግልም እንዲሁ። በ1520 የፖርቱጋል ልዑካን ሲመጡ ቄስ አልቫሬዝ ሰውዬውን ርስት ተሰጥቶት፣ አግብቶና ወልዶ አገኘው። ልዑካኑ በ1526 ሲመለሱ እሱ ቀረ። የኮቪልያ ቪዛ ዕድሜ የአንድ ንጉሥ ዕድሜ ነበር።

የዛሬው ፈቃድ ከዚያ በአንድ ነገር ይሻላል፤ የሚያልቅበት ቀን ተጽፎበታል። እኛ ግን ከነባሩ ደጅ ጥናት የወረስነው ልማድ አለን። ፈቃድ ስንቀበል ከሰውዬው ጋር የተዛመድን ይመስለናል። ቀኑ ቢያልፍ ሽማግሌ ይላካል፣ አማላጅ ይገባል እንላለን። የቀን መቁጠሪያ ግን አማላጅ አይሰማም።

ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር ሰው አሜሪካ ሊሄድ ቪዛ ተመትቶለት ሲመለስ የሚሆነውን እናውቃለን። ቤቱ ይሸጥ፣ የአባት ተዝካር ይውጣ፣ ፋሲካ ይዋል፣ ሽኝቱ ይደገስ ይባላል። የሚታመም እናት አይጠፋም። ሁሉም እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ለእናቱ ያልቆየ ለማን ሊቆይ ነው? ነገር ግን የኢሚግራንት ቪዛ ዕድሜ ቢበዛ ስድስት ወር ነው። ሜዲካል ምርመራው ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ቀኑም የመነሻ ቀን አይደለም፤ አሜሪካ መግቢያ በር ላይ የሚቆሙበት የመጨረሻው ቀን ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣ ማስረከብ ብቻውን አያድንም።

ቀኑ ሊያልፍ ከሆነስ? ቪዛው አይራዘምም። ቀኑ ሳያልፍ ቪዛውን ለሰጠው ቆንስላ ምክንያቱን ከማስረጃ ጋር ማሳወቅ ይገባል። ችግሩ ከመንገደኛው አቅም በላይ መሆኑን ቆንስላው ካመነበት በምትኩ ሌላ ሊሰጥ ይችላል። ይህም ክፍያ አለው፤ አንዳንዴም ሜዲካሉ ይደገማል። የዲቪ ግን ይለያል። የዕጣው ዓመት ሴፕቴምበር 30 ሲያበቃ የዚያ ዓመት ዲቪ አበቃ።

ሌላም መላ አለ፤ ቀኑ ሳያልፍ ገብቶ መመለስ። የገባ ሰው ነዋሪነቱን ያገኛል፤ ከዚያ ተመልሶ እናቱን ማስታመም ይችላል። ግን ዓመት እንዳይሞላው፤ ኑሮዬ እዚያ ነው ብሎ ማስረዳትም እንዳያቅተው። ከዓመት በላይ የሚያቆየው ጉዳይ ካለ ከአሜሪካ ሳይወጣ የዳግም መግቢያ ፈቃድ ይጠይቅ። በወላጅ ቪዛ የሚሄድ ልጅ ደግሞ «ድሮት እንሂድ» እንዳይባል፤ ያገባ ልጅ ቪዛው ሊበላሽ ይችላል። ቤቱም ቢሆን ቪዛው በእጅ ሳይገባ አይሸጥ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ለተረት ብቻ አይደለም።

የተጻፈ ቀን ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም። በኮሮናው ዓመት፣ በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ኤምባሲዎች መደበኛውን የቪዛ ሥራ አቆሙ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ የፕሬዚዳንት ትራምፕ አዋጅ ለአብዛኞቹ ኢሚግራንቶች በሩን ዘጋ። የዲቪ ባለዕጣዎች ክስ ዋሽንግተን ደርሶ ዳኛ አሚት መህታ ሴፕቴምበር 4 ሥራው እንዲቀጥል ሲያዝዙ ለዓመቱ ማብቂያ የቀረው ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነበር። አዋጁ በየካቲት 2021 ተሻረ። በመሃሉ ሥራቸውን የለቀቁና ንብረታቸውን የሸጡ ሰዎች የክራፕፍን ተጁራ እዚሁ አገራቸው ሆነው አዩት። የሩቅ ንጉሥ ፊት ዛሬም ይዞራል ማለት ነው።

እንግዲህ ፈቃድን የሚያሳጥሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ የሰጪው ፊት፣ ሁለተኛው የተቀባዩ መዘግየት። በፊተኛው ላይ ሥልጣን የለንም፤ በኋለኛው ላይ አለን። ስለዚህ ድግሱ ሳይጠነሰስ፣ ዘመድ ሳይጠራ ፓስፖርቱን ገልጦ ቀኑን ማየት፣ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ተዝካሩንም ሽኝቱንም ማድረስ ይሻላል። ለእናት የሚቆይም ሰው ይቆይ፤ ግን የሚተወውን ነገር አውቆ፣ መርጦ ይቆይ። ቀኑ ሳያውቀው ካለፈ በኋላ «ዕድሌ ነው» ማለት ለእናትየውም ጸጸት ማትረፍ ነው።