ሃያ ደቂቃ ከብብት ሥር

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንዲት ቁጥር ታሪክ ነው፤ ነርሷ ከአልጋው ግርጌ በተንጠለጠለው ቻርት ላይ የምታሰፍራት፣ ሐኪሙ ለዙር ሲመጣ ቀድሞ የሚያያት የሙቀት ቁጥር።

ዘመኑ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የወደቁበት ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1868። በዚያው ዓመት ላይፕዚግ በምትባል የጀርመን ከተማ፣ ካርል ቩንደርሊሽ የተባለ ሐኪም ስለ ሕሙማን ሙቀት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ 25 ሺህ ከሚደርሱ ሕሙማን ተለክቶ፣ ከሚሊዮን በላይ እንደሆነ የተነገረለትን ልኬት የያዘ ነበር። ከዚያ በፊት ትኩሳት ለብዙዎቹ ሐኪሞች ራሱን የቻለ በሽታ ነበር፤ የሚያውቁትም እጃቸውን ግንባር ላይ አሳርፈው ነው። ቩንደርሊሽ ግን ጠዋትና ማታ እያስለካ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ በመስመር እያያያዘ ሲከታተል፣ ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አለመሆኑን አሳየ። የታይፎይድ መስመር ቀን በቀን እየጨመረ ይወጣል፤ የወባው ድንገት ሽቅብ ተወርውሮ ድንገት ይወርዳል። መስመሩን ያየ ሐኪም በሽታውን ወደ ማወቅ ተጠጋ።

አሁን ልብ በሉልኝ። የዚያ ዘመን ቴርሞሜትር ረጅም የመስታወት ዘንግ ነው። ብብት ሥር ገብቶ እውነተኛውን ቁጥር እስኪሰጥ 15 አንዳንዴም 20 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ፣ በእያንዳንዱ ልኬት! ያን ሁሉ ደቂቃ አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ነበረ ማለት ነው። የቩንደርሊሽ ስም በታሪክ ቀረ፤ የረዳቶቹ አልቀረም። እኔ ግን ያ ሚሊዮን ልኬት የእነርሱ ትዕግሥት ነው እላለሁ።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር ሊድስ ላይ ቶማስ ክሊፎርድ ኦልበት የሚባል ሐኪም በኪስ የሚያዝ አጭር ቴርሞሜትር አሠራ፤ ርዝመቱ 15 ሳንቲሜትር ገደማ፣ የሚፈጀውም 5 ደቂቃ። መሣሪያው በየሆስፒታሉ ገባ፤ ሥራውም ከሐኪሙ እጅ ወደ ነርሷ እጅ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ደቂቃን የማሳጠር ታሪክ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ መርዝ ነውና፣ እሱን ለመገደብ የሚናማታ ስምምነት በ2013 ተፈርሞ፣ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር እንዳይመረት 2020 ቀነ ገደብ ተቆረጠለት። ከዚያ ቀደም ብሎ ዲጂታሉ መጥቶ ነበር፤ ከጆሮና ከግንባር የሚለካውም ተከትሏል። አሁን ቁጥሩ በሰከንድ ይወጣል።

ቁጥሩ ፈጥኖ መውጣቱ ግን እውነት ለመሆኑ ዋስትና አይደለም። ነገሩን በቅርብ እንድታዩልኝ አንድ የሕሙማን ክፍል በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። አንዲት እናት ተኝተዋል፤ ልጃቸው የፔርሙሱን ክዳን ስትገጥም ነርሷ ደረሰች።

«እማማ፣ አሁን ትኩስ ነገር ወስደዋል?»

«ኧረ ምንም አልቀመስኩ ልጄ። እቺን አጥሚት ብቻ ነው።»

ነርሷ ቴርሞሜትሩን ከምላስ ሥር አላደረገችም። አፍ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ከቀመሰ በኋላ ቢያንስ ሩብ ሰዓት መታገሥ እንዳለበት ታውቃለች። ወደ ብብት ዞረች። ላቡን በጎዝ ጨርቅ ጠረገች፤ እርጥብ ቆዳ ቁጥሩን ያወርደዋልና። ጫፉን ከብብቱ ጉድጓድ መሐል አስገብታ፣ ነጠላው እንዳልተወሸቀበት አየች። «ክንድዎን ያጥብቁልኝ» አለች፤ አቅም ሲያንሳቸው ክንዳቸውን በገዛ እጇ ደግፋ ያዘች። ዲጂታሉ ጮኸ። መሣሪያው የሚጮኸው የሙቀቱ መጨመር ሲገታ ነው፤ ጫፉ ቆዳ በደንብ ካልነካ ደግሞ ቁጥሩ ሳይደርስ ቀድሞ ይጮኻል። ይህን ስለምታውቅ ጫፉ ከቦታው አለመንሸራተቱን አይታ አወጣችው። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ 37.6፣ ከብብት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ፓራሲታሞል በ8 ሰዓት ተሰጥቷል።

እነዚያ ተጨማሪ ቃላት ቁጥሯን ሰው የሚያምናት ያደርጓታል። ብብት ከአፍ ዝቅ ይላል፤ አፍ ከፊንጢጣ። ጠዋት ከብብት፣ ማታ ከአፍ ተለክቶ ቦታው ካልተጻፈ፣ ቻርቱ ያልነበረ ትኩሳት ወጣ ይላል፤ ወይም የነበረውን ይደብቃል። ሰዓቱም እንዲሁ። ቩንደርሊሽ ያወረሰን 37 ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ሰዓት የሚሠራ ቁጥር አይደለም። በ1992 በባልቲሞር 148 ጤነኛ ጎልማሶች ከአፍ ሲለኩ አማካዩ 36.8 ሆነ። የጤነኛው ሰው ከፍተኛ ወሰንም ማለዳ 12 ሰዓት ላይ 37.2፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ 37.7 ነበር። በማለዳ 37.5 ያየች ነርስ «ትንሽ ናት» ብላ ልታልፋት አይገባም።

ጨቅላ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ፍርሃቱ ይገለበጣል። አዲስ የተወለደ ልጅ ከ36.5 በታች ከሆነ በርዷል፤ ሊሞትም ይችላል። የተለመደው የመስታወት ቴርሞሜትር ግን ከ35 በታች አያሳይም። በእንዲህ ያለ መሣሪያ የተለካ፣ እስከ 33 የወረደ ሕፃን ሙቀቱ አይታወቅም። ለጨቅላ ክፍል ዝቅ ብሎ የሚያነብ ቴርሞሜትር መግዛት የግድ ነው።

ከግንባር የሚለካውን አልረሳሁትም። በ2022 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ፤ የተሠራው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአትላንታ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች ነው። ጥቁር ሕሙማን ከአፍ ሲለኩ 13.2 በመቶው ትኩሳት ተገኘባቸው፤ ከግንባር ሲለኩ ግን 10.1 በመቶው ብቻ። በነጮቹ ላይ ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም። እዚያ በነርስነት የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ የግንባሩ መሣሪያ «ደህና ነው» ሲላችሁ ሕመምተኛው ግን እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ከአፍ ድገሙት። የራሳችሁ ሰው ሲታመምም ይህንኑ ጠይቁለት።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በየአገሩ የሆስፒታል ሰው የሚያውቀው ቻርት ነው፤ ከላይ እስከ ታች 36.5፣ 36.5፣ 36.5። ሳይለካ የተጻፈ ነው። ጣት ለመቀሰር ከመቸኮላችን በፊት ግን እናስላ። 30 አልጋ ያለበት ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ሰው 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ፣ 150 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ለአንድ ዙር ሙቀት ብቻ። መርፌው፣ ግሉኮሱ፣ ቁስሉ፣ የደም ግፊቱ ገና አልተነካም። ነርሷ አንድ ከሆነች፣ ቴርሞሜትሩም አንድ ከሆነ፣ ያ 36.5 ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው።

ስለዚህ የሙቀት ልኬት ሥልጠና የምትሰጡ ሁሉ፣ ነርሷን ብቻ ሰብስባችሁ አትመለሱ፤ በጀት የሚፈርመውንም አምጡት። ለየክፍሉ ከአንድ በላይ ቴርሞሜትር ይኑር፤ መለወጫ ባትሪ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ መሣሪያዎቹ በየጊዜው እርስ በርስ ተመሳክረው የተሳሳተው ይወገድ። ቻርቱ ላይ የሙቀት ሣጥን ብቻ ሳይሆን የተለካበት ቦታ የሚጻፍበት ሣጥንም ይታተም። በፈረቃ ርክክብ ላይም ተረካቢዋ «ስንት ነው?» ካለች በኋላ «ከየት ለካሽው?» ብላ ትጠይቅ።